«ፈርሚና ተገላገይ» ለተባለችው እህቴ

«ጋሼ፣ በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ነው። ባለፈው ወር ማታ ከሥራ ወጥቼ ገበያ ገባሁ። ደንበኛው ራሱ ሒሳብ በሚሠራበት ማሽን ላይ ግማሹን ዕቃ አስነብቤ ግማሹን እንዲሁ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ሆን ብዬ ነው፤ ለእርስዎ አልዋሽም። የልጄ ዳይፐር፣ ዘይትና ሥጋ ነበር፤ 86 ዶላር ደረሰ። ጠባቂው በር ላይ ያዘኝ፤ ፖሊስ መጥቶ የክስ ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። ፍርድ ቤት ስቀርብ አስተርጓሚው ‹ሚስዲሚነር ነው፣ ቀላል ወንጀል ማለት ነው› አለኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ 12 ወር እስራት በገደብ፣ ከመቀጮ ጋር፣ እንደሚበቃኝ ነገረኝ። አንድ ቀን እንኳ አልታሰርም። የባለቤቴ ወንድም ‹ፌሎኒ ካልሆነ ምን ያስፈራሻል፣ ፈርሚና ተገላገይ› ይላል። ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ልፈርም? በሚያዝያ ደግሞ ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ።»
ግራ የገባኝ፣ ከክላርክስተን

እህቴ፣ አትፈርሚ። የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያንን ወረቀት አንብቦ ሳይመልስልሽ አትፈርሚ። መልሴ ረዘም ስለሚል ዋናውን አስቀደምኩ፤ በሥራ ዕረፍትሽ የምታነቢው ከሆነ ይህችኑ ያዢና የቀረውን ማታ ልጅሽ ሲተኛ ትጨርሺዋለሽ።

ስለ ስርቆቱ አልቆጣሽም፤ ራስሽን በበቂ ተቆጥተሻል። እኔ የምናዘዘው ግን አለኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ። «ሚስዲሚነር» የሚለውን ቃል «ቀላል ወንጀል» እያልኩ ስንቱን ሰው እንዳሳረፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የተከሳሹ ፊት ሲፈታ አያለሁ፤ ወዲያው እስክሪብቶ ይጠይቃል። አንዱ ከዓመታት በኋላ ከኢሚግሬሽን ማቆያ ደውሎ «ቀላል ነው ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን እንዳለ «ሚስዲሚነር» ብዬ እተወዋለሁ፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ዳኛውን ወይም ጠበቃውን «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ግራ መጋባቱ ከማረፉ ይሻለዋል።

«ቀላል»ን ከአገራችን ነው ያመጣነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እስራትን ቀላልና ጽኑ ብሎ ይከፍለዋል፤ ቀላሉ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑው ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው። ደንብ መተላለፍም ለብቻው አለ። ይህን በጭንቅላቱ ይዞ የመጣ ሰው ፌሎኒን ከጽኑው፣ ሚስዲሚነርን ከቀላሉ ጋር ቢያጋባ አይፈረድበትም። ጋብቻው ግን አይሰምርም፤ የአሜሪካው ክፍፍል የቆመው በአንድ ድንበር ላይ ነውና። ድንበሩም አንድ ዓመት ነው።

የጆርጂያ ሕግ ከ12 ወር በላይ ሊያሳስር የሚችለውን ወንጀል ፌሎኒ ይለዋል፤ ሌላው ሁሉ ሚስዲሚነር ነው። የፌዴራሉም ሕግ እዚያው ዓመቷ ላይ ይቆርጣል። «ሊያሳስር የሚችለውን» ማለቴን ልብ በዪ። የሚቆጠረው ዳኛው የፈረደው ሳይሆን ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ስለዚህ በፌሎኒ ተፈርዶበት አንድ ሌሊት እንኳ እስር ቤት ያላደረ ሰው አለ፤ በሚስዲሚነር 11 ወር በካውንቲ እስር ቤት የማቀቀም አለ። የትኛው ቀለለው ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ እንደ መላሹ ነው።

ጣሪያው ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በጆርጂያ ከሱቅ የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ እስከ 500 ዶላር ከሆነ ሚስዲሚነር ነው፤ ከ500 ዶላር ካለፈ ፌሎኒ ሆኖ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ያንቺ 86 ከድንበሩ ብዙ ይርቃል። ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖም በሱቅ ስርቆት አራተኛ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ወደ ፌሎኒው ይሻገራል። በሌላ በኩል በዚያው በጆርጂያ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳትም በሕጉ አጻጻፍ ሚስዲሚነር ነው። በአንድ ስም ሥር ስንት ነገር እንደታጨቀ እይው፤ ፈጥኖ የነዳም፣ የሰረቀም፣ ሰው በጥፊ የመታም እዚያው ናቸው።

ግዛት ስትቀይሪ ደግሞ ሚዛኑም ይቀየራል። 600 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ከሱቅ መስረቅ በጆርጂያ ፌሎኒ ሲሆን፣ በቴክሳስ የስርቆት ፌሎኒ የሚጀምረው ከ2,500 ዶላር ስለሆነ እዚያ ሚስዲሚነር ነው። ሜሪላንድ ላሉት ዘመዶቻችን ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ በእነርሱ ግዛት ሰውን በሁለተኛ ደረጃ መደብደብ ስሙ ሚስዲሚነር ሆኖ ጣሪያው 10 ዓመት ነው። ኒው ጀርሲ ጭራሽ ሁለቱንም ቃላት አትጠቀምም፤ የራሷ ስያሜ አላት። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለችው የአክስትሽ ልጅ «እኔ ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብትልሽ አድምጫት፤ ግን አትከተያት።

በአሠራርም ይለያያሉ። በጆርጂያ ሚስዲሚነር በከተማ ወይም በካውንቲ ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ጁሪ (ፍርድ የሚሰጡ ተራ ዜጎች) ከተጠራም 6 ሰው ነው። ፌሎኒ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ክሱን በአብዛኛው ግራንድ ጁሪ የሚባል የዜጎች ቡድን አይቶ ያጸድቀዋል፤ የሚፈርዱት 12 ሰዎች ናቸው፤ የተፈረደበትም የሚላከው ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ነው። ፌሎኒ የጥንት ቃል ነው፤ በድሮዋ እንግሊዝ ወንጀለኛውን ነፍሱንና ርስቱን የሚያሳጣ ወንጀል ነበር። ዛሬም የዚያ ጥላ አልለቀቀውም፤ ፌሎኒ ያለበት ሰው መሣሪያ መያዝ ይከለከላል፣ ጁሪ ሆኖ መቀመጥ ያቅተዋል፣ በብዙ ግዛቶችም ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው የመምረጥ መብቱን ያጣል። የባለቤትሽ ወንድም የሚያስበው ይህንን ይመስለኛል። ለአሜሪካ ዜጋ ቢናገረው ኖሮ ምክሩ ከሞላ ጎደል ያስኬድ ነበር።

አንቺ ግን ዜጋ አይደለሽም፤ ግሪን ካርድ ያዥ ነሽ። ያ ማለት አንድ ፊርማሽን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ያነቡታል። የጆርጂያው ዳኛ አንብቦ መዝገቡን ይዘጋዋል፤ የፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ደግሞ በራሱ መነጽር እንደገና ያነበዋል። ኢሚግሬሽን «ፌሎኒ ነው ወይስ ሚስዲሚነር?» ብሎ አይጀምርም። ምን ዓይነት ወንጀል ነው? ስንት ያሳስራል? ስንት ተፈረደ? ብሎ ነው የሚጀምረው።

በኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባል መደብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር ግድያን፣ የዕፅና የጦር መሣሪያ ንግድን ብቻ የያዘ አጭር ዝርዝር ነበር። በፈረንጆቹ 1996 (የእኛ የወንጀል ሕግ ከወጣበት 1996 ጋር እንዳይምታታብሽ፤ ያኔ እኛ 1989ን ገና መጀመራችን ነበር) ኮንግረስ ዝርዝሩን ለጠጠው። ስርቆት ከ5 ዓመት ጀምሮ ይቆጠር የነበረው ወደ አንድ ዓመት ወረደ። አሁን አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ስርቆት አግራቬትድ ፌሎኒ ነው፤ ግዛቱ ሚስዲሚነር ብሎ ቢጠራውም ያው ነው። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ ከአገር ከመባረር የሚያድኑት በሮች አብዛኞቹ ይዘጋሉ፤ የዜግነቱም በር ለዘለዓለም ይዘጋል።

«እኔ መቼ ታሰርኩና?» ትዪ ይሆናል። ብዙ ሰው የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ በገደብ የታገደውንም እስራት እንደ ሙሉ እስራት ነው የሚቆጥረው። ዳኛው «12 ወር፣ ሙሉው በገደብ» ሲል አንቺ «በገደብ» የሚለውን ትሰሚያለሽ፤ ኢሚግሬሽን የሚሰማው «12 ወር»ን ነው። እስቲ ያንን የሰጡሽን ወረቀት አውጪው። ቅጣት በሚለው መስመር ላይ 12 የሚል ቁጥር ተጽፎ፣ ከጎኑ ፕሮቤሽን (ገደብ) የሚል ቃል ይኖራል። ዕጣሽ ያለው ከቃሉ ሳይሆን ከቁጥሩ ላይ ነው።

የማስፈራራሽ አይምሰልሽ፤ ከሰፈርሽ ሳልወጣ ላሳይሽ። እ.ኤ.አ. በ2001 አትላንታ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው በጆርጂያ በሱቅ ስርቆት፣ በሚስዲሚነር ደረጃ፣ 12 ወር በገደብ የተፈረደበት ነው፤ ያንቺኑ ነገር በይው። ፍርድ ቤቱ ይህ አግራቬትድ ፌሎኒ ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ በፊት ደግሞ በጨቅላነቷ ከጀርመን መጥታ ጆርጂያ ያደገች አንዲት ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሌላ ሴት ጋር ተጣልታ ፀጉር ጎትታለች፤ አንድ ዓመት በገደብ ተፈረደባት። ከዓመታት በኋላ ዜግነት ስትጠይቅ የደረሳት ከአገር የማስወጫ ክስ ነው። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ ካነጋገረ በኋላ የጆርጂያ የይቅርታና የአመክሮ ቦርድ በ2000 ምሕረት አድርጎላት ዳነች። የፀጉሩ ታሪክ ሲነገር ሰው ይስቃል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ።

«እንግዲያው ቅጣቱን 11 ወር አስደርጌ እፈርማለሁ» ካልሽ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ጠበቃው ለአንቺ የግድ የሚያስፈልግሽም በእርሱ ምክንያት ነው። ሕጉ «የሞራል ዝቅጠት ያለበት ወንጀል» የሚለው ሌላ መደብ አለው፤ ስርቆት በተለምዶ ከዚያ ይመደባል። ሰው አሜሪካ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ወንጀል ከፈጸመ፣ ወንጀሉም አንድ ዓመት ሊያሳስር የሚችል ከሆነ፣ ለመባረር ያበቃዋል። እዚህ ላይ የሚታየው እንደገና ጣሪያው እንጂ የተፈረደው አይደለም። የጆርጂያ ሚስዲሚነር ጣሪያ ደግሞ 12 ወር ነው፤ ድፍን አንድ ዓመት። አንቺ ገና ሦስት ዓመትሽ ነው። ስለዚህ 11 ወርም ቢሆን ከመጀመሪያው ጉድጓድ ያወጣሻል እንጂ ከሁለተኛው አያወጣሽም።

አንዲት ቀን ምን ያህል እንደምትከብድ የገባቸው ግዛቶች ሕጋቸውን ቀይረዋል። ዋሽንግተን ግዛት በ2011፣ ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ፣ ኒው ዮርክ በ2019 የሚስዲሚነርን ጣሪያ ከ365 ቀን ወደ 364 አውርደውታል። አንዲት ቀን ቆርጠው ስንቱን ቤተሰብ ከመበተን አዳኑ። ጆርጂያ ግን በ12 ወሯ ናት።

እንግዲህ ወደሚደረገው ልምጣ። የፊታችን ሰኞ፣ ሥራ ከመግባትሽ በፊት፣ ክሱን የያዘው ካውንቲ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቃ ቢሮ ደውዪ። ገቢሽ አነስተኛ ከሆነ ያለ ክፍያ ጠበቃ ይመደብልሻል። «በሚስዲሚነር ጠበቃ አይሰጥም» የሚልሽን አትስሚ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ለሚያሳስር ሚስዲሚነርም ጠበቃ ይገባል ብሏል፤ በ2002 ደግሞ እስራቱ በገደብ የታገደ ቢሆንም ይገባል ብሎ ጨምሯል። ያለ ጠበቃ ለመከራከር መስማማትሽን የሚገልጽ ቅጽ ቢያቀርቡልሽ እርሱንም አትፈርሚ። የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማግኘት መብትም አለሽ።

ጠበቃው ፊት ስትቀመጪ የመጀመሪያው ቃልሽ «ዜጋ አይደለሁም፣ የገባሁትም በዚህ ቀን ነው» ይሁን፤ የገባሽበትን ቀን ከፓስፖርትሽ ማኅተም አይተሽ በትክክል ንገሪው። ከዚያ ኢሚግሬሽን ላይ ምን እንደሚከተል በጽሑፍ እንዲነግርሽ ጠይቂው። ልመና አይደለም፤ ግዴታው ነው። ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋ ፓዲያ የሚባል የሆንዱራስ ተወላጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ፣ ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን ኖረህ ማን ይነካሃል» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። የመባረር ክስ ተከተለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2010 ጠበቃ ደንበኛው ሊባረር መቻሉን የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ የወሰነው በእርሱ ጉዳይ ነው። የባለቤትሽ ወንድም ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም።

ጠበቃው ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ሊነጋገርበት የሚችል ብዙ ነገር አለ። የ86 ዶላር ክስ ነው፤ የመጀመሪያሽ ነው፤ እናት ነሽ። ከሁሉ የሚሻለው ጥፋተኛ ነኝ ሳትዪ ትምህርት ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ጨርሰሽ ክሱ የሚነሣበት መንገድ ነው። ይህ ካልሆነ ክሱ ከስርቆት ወደ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ጣሪያው ከ12 ወር ወዳነሰ የከተማ ደንብ መተላለፍ፣ እንዲቀየር መደራደር አለ። የትኛው ያዋጣል የሚለውን ለባለሙያው እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በዪ። ጆርጂያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የተዘጋጀ «ፈርስት ኦፌንደር» የሚባል ሕግ አለ፤ ገደብሽን በሰላም ከጨረስሽ ግዛቱ እንዳልተፈረደብሽ ይቆጥርሻል። ይህ ለሥራ መዝገብሽ መልካም ነው። ኢሚግሬሽን ግን ጥፋተኛ ነኝ ካልሽና ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብሽ ተፈርዶባታል ይላል። አንዱ የሰረዘውን ሌላው አልሰረዝኩም ይላል። «ቆይቼ ቅጣቱን በማመልከቻ አስቀንሳለሁ» የሚባለውም አይሠራም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2019 በሰጠው ውሳኔ ኢሚግሬሽንን ለማምለጥ ብቻ የተቀነሰ ቅጣት ለኢሚግሬሽን እንዳልተቀነሰ ይቆጠራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህኛው ከፈሰሰ የሚለቀምም አይደለም።

ይህን ለሚያነቡ፣ በደቡብ ድንበር አቋርጠው ለገቡና ጥገኝነት ለጠየቁ ወገኖች በጨረፍታ ልንገራቸው። በጥር 2025 በተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የገባ ሰው በሱቅ ስርቆት መከሰሱ ወይም መያዙ ብቻ፣ ሳይፈረድበት፣ በኢሚግሬሽን ማቆያ እንዲቆይ ያስገድዳል። አንቺን ይህኛው አይነካሽም፤ በቪዛ ነው የገባሽው።

ዜግነት ስታመለክቺ ቅጹ ተይዘሽ ወይም ተከሰሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ክሱ ቢነሣም እንኳ እውነቱን ጻፊ፤ የፍርድ ቤቱን የመዝጊያ ወረቀት በማኅተም አስወጥተሽ ከአሁኑ በአንድ ፋይል አስቀምጪ። ፍርድ ቤቶች የቆየ መዝገብ የሚያስወግዱበት ጊዜ ይመጣል፤ ኢሚግሬሽን ግን ወረቀቱን ከአንቺ ነው የሚፈልገው።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ጉዳዩ ሳይዘጋ ከአገር አትውጪ። ተመልሰሽ አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሺ ጣትሽን ማሽኑ ላይ ስታሳርፊ ክሱ መኮንኑ ፊት ይወጣል፤ በስርቆት ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ከሆነ ደግሞ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥረሽ መግባት ይገባታል ወይ ተብሎ ሊመረመርብሽ ይችላል። ለእህትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ካልደፈርሽ ሥራ አልለቅ አለኝ በያት። ትኬቱን ከቆረጥሽ ግን ቀን ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ።